ብስክሌት ለመንገድ ወይስ ለግድግዳ?

በቤልጂየም ዋና ከተማ በብራሰልስ፣ አንደርሌክት በተባለው ሰፈር፣ በአንድ ብስክሌተኛ ስም የተሰየመ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ጣቢያውም ሰውየውም ኤዲ መርክስ ይባላሉ። በ2003 በተከፈተው በዚህ ጣቢያ (በጽሑፌ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉልኝ) አንድ ብስክሌት በመስተዋት ተከልሎ ይታያል። መርክስ ኦክቶበር 25 ቀን 1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ጋልቦ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረበት ብስክሌት ነው። የሠራው ሚላኖ አጠገብ የምትገኘው የካምቢያጎ ሰው፣ ኤርኔስቶ ኮልናጎ ነበር። ክብደቱ ስድስት ኪሎ አይሞላም። ይቀል ዘንድ ብረቱ በየቦታው ተበስቷል፤ ማርሽ የለው፣ ፍሬን የለው።

ዝናው የተሠራው በአንድ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው መቆም ብቻ ሆነ። ለመሆኑ እንዲህ ያለው መቆም ጡረታ ነው ወይስ እስራት?

ጥያቄው የኔ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ፣ በጣሊያን፣ በአሜሪካና በጃፓን ያሉ የአሮጌ ብስክሌት ወዳጆች ሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩበት ኖረዋል። አንደኛው ወገን ብስክሌት የተሠራው ሊነዳ ነውና ይነዳ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ያለፈ ዘመን የእጅ ሥራ እንደ ሥዕል ተጠብቆ መቀመጥ አለበት፣ ዋጋውም እንደ ሥዕል እያደገ ይሄዳል ባይ ነው። እኔ የማደላው ለመጀመሪያዎቹ ነው። ይሁንና ሁለተኛዎቹ እንዲያው በከንቱ የሚሟገቱ ሰዎች አይደሉምና ከነሱ ልጀምር።

በቅድሚያ ግን የትኛው ብስክሌት ነው "አሮጌ" ተብሎ የሚከበረው? ሁሉም ያረጀ ብረት አይደለም። የሰብሳቢው ዓይን የሚያርፈው በአብዛኛው ከብረት ቱቦ በእጅ በተሠራው የእሽቅድምድም ብስክሌት ላይ ነው። ቱቦዎቹ ተራ የውሃ ቧንቧ እንዳይመስሏችሁ። በእንግሊዝ የሬይኖልድስ ፋብሪካ በ1935 ያወጣው "531" የተባለው ቱቦ፣ በጣሊያን በ1919 የተቋቋመው የኮሎምቡስ ቱቦ፣ ጫፍና ጫፋቸው ወፈር፣ መሐላቸው ሳሳ ተደርጎ የተሳበ ነው። ጭንቀቱ የሚበዛው መጋጠሚያው ላይ ስለሆነ እዚያ ሥጋ ይጨመርለታል፤ መሐሉ ላይ ይቀነሳል። ሠራተኛው ቱቦዎቹን በጌጠኛ መጋጠሚያዎች ውስጥ ሰክቶ በቀለጠ ነሐስ ወይም ብር ያያይዛቸዋል። መጋጠሚያውን እንደ መስቀል ጠርቦና በሞረድ አሳስቶ የሚጨርሰው ባለሙያ ስሙን ባይጽፍበት እንኳ እጁ ይታወቃል። ዛሬ የእሽቅድምድሙን ሜዳ የያዘው የካርቦን ብስክሌት ይህ ዓይነት ፊርማ የለውም።

እንግዲህ ሰብሳቢዎቹ ምን ይላሉ? በመጀመሪያ ቀለሙን ይጠቅሳሉ። አንድ ብስክሌት ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባውን ቀለምና የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንዴ ከተላጨ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ቀለም ቀቢ ይገኛል፤ የሚቀባው ግን አዲስ ቀለም ነው። ቀጥሎ የዕቃዎቹን ነገር ያነሣሉ። በ1933 ቪቼንዛ ላይ የተመሠረተው የካምፓኞሎ ፋብሪካ በ1970ዎቹ ያወጣቸው የማርሽ መቀየሪያዎች የተሠሩበት ዓመት በላያቸው ላይ ተቀርጿል። አዋቂ ሰብሳቢ ያንን ቁጥር አይቶ፣ ይህ ዕቃ በዚህ ብስክሌት ላይ የተወለደ ነው፣ ያኛው ግን በኋላ የመጣ ነው ብሎ ይፈርዳል። ብስክሌቱን የሚነዳ ሰው ደግሞ ዕቃ ይሰብራል፤ ሲሰበር ያገኘውን ይተካል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጀመሪያው ብስክሌት የት እንደገባ አይታወቅም።

ይህም ብቻ አይደለም፤ የደኅንነት ጉዳይም አለ። አልሙኒየም እንደ ብረት አይደለም። ብረት ድካሙን በአብዛኛው ታግሦ ያልፈዋል፤ አልሙኒየም ግን በተጫነ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየቆጠረ ያስቀምጥና አንድ ቀን ሒሳቡን በአንዴ ይጠይቃል። በዚያ ዘመን የተሠሩት ዝነኛ የካምፓኞሎ የፔዳል ክንዶች ከጥርሱ ቅርንጫፎች ጋር በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ መሰንጠቅ እንደሚወዱ ወዳጆቻቸው ራሳቸው የሚያውቁት ነገር ነው። የፈረንሳዩ ሲምፕሌክስ ከፕላስቲክ የሠራቸው የማርሽ መቀየሪያዎችም በጊዜ ብዛት ደርቀው ይሰበራሉ። ቁልቁለት ላይ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየወረዱ የአርባ ዓመት አልሙኒየም ማመን የጀግና ሥራ ነው ወይም የሌላ ነገር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ክርክራቸው ተገቢ ነው እላለሁ። የሚከፋኝ ክርክሩ ወደ ገንዘብ ሲዞር ነው።

ስለ ብስክሌትና ስለ ገንዘብ ሲነሣ የማይቀር አንድ ታሪክ አለ። በ2009 የቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን አሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግ ወደ ፓሪስ የገባው የእንግሊዙ ሠዓሊ ዴሚየን ኸርስት ባስጌጠው ትሬክ ብስክሌት ነበር። ሠዓሊው ብስክሌቱን ያስጌጠው በእውነተኛ የቢራቢሮ ክንፎች ነው፤ በዚህም የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ተቆጥተውበታል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ይህ ብስክሌት በሶዝቢስ ጨረታ 500,000 ዶላር ተሸጠ፤ ገንዘቡም የካንሰር ሕሙማንን ለሚረዳ ድርጅት ዋለ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2012፣ አርምስትሮንግ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ከ1998 ወዲህ ያገኘው ውጤት ሁሉ ተሰረዘ። የዚያች የፓሪስ ቀን ውጤቱም አብሮ ሄደ። ቢራቢሮዎቹ ቀሩ። ገዢው ምን እንደ ገዛ አንባቢ ራሱ ይፍረድ፤ ብስክሌት ነው? ሥዕል ነው? ወይስ የአንድ ሰው ስም?

ያ ብስክሌት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አወጣ ተብሎ በየጋራዡ የተሰቀለ አሮጌ ብስክሌት ሁሉ የተቀበረ ወርቅ ነው ማለት አይደለም። ብስክሌት መጥፎ ባንክ ነው። ለምን ቢባል፣ አንደኛ ነገር በገፍ የተመረተ ዕቃ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ብስክሌት እንደ ጫማ ልክ አለው። ሥዕል ለረጅምም ለአጭርም ሰው ግድግዳ ይሆናል፤ ለረጅም ሰው የተሠራ ብስክሌት ግን አጭሩን ገዢ አያስቀምጠውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የናፍቆት ነገር አለ። የ1970ዎቹን ብስክሌት በውድ የሚገዛው በ1970ዎቹ ልጅ ሳለ በሱቅ መስተዋት እያየ የተመኘው ሰው ነው። ያ ሰው ሲያልፍ ልጁ የሚመኘው ሌላ ነገር ነው። ናፍቆት ደግሞ አይወረስም።

እርግጥ ነው፣ የማያረጅ ገበያ ያላቸውም አሉ። በኒውዮርክ ግዛት ኮፔክ በምትባል ትንሽ ቦታ የአሮጌ ብስክሌቶች ጨረታ ለረጅም ዓመታት ሲካሄድ ኖሯል። የፊት ጎማው ትልቅ የኋላው ትንሽ የሆነው የ1870ዎቹና የ1880ዎቹ ብስክሌት እዚያ ገዢ አያጣም። እሱ ግን ከፈረስ ጋሪ ዘመን ጋር የሚቆጠር ብርቅ ነገር ነው።

ከሰብሳቢዎቹ ሁሉ የማይገቡኝ ያልተነካ የሚገዙት ናቸው። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ካርቶኑ ሳይከፈት አርባ ዓመት የተቀመጠ ዕቃ ከተነዳው ይልቅ ውድ ነው። ባለቤቱ ካርቶኑን ከከፈተው ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ አይከፍተውም። አበው "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ያሉት ይህን ሳያዩ ነው።

መቆሙስ ቢሆን ያድነዋልን? ጎማ ሳይነዳም ይሰነጠቃል። ቅባት ውሎ ሲያድር ይደርቅና እንደ ሰም ይሆናል። በ1866 የተመሠረተው የበርሚንግሃሙ ብሩክስ የሚታወቅበት የቆዳ ኮርቻ የሰው ክብደት እያገኘና ቅባት እየተቀባ ሲቆይ የባለቤቱን ቅርጽ ይይዛል፤ ተረስቶ ሲቀር ግን እንደ ደረቀ ቁርበት ይኮማተራል። በቱቦው ውስጥ የገባ እርጥበትም ከውስጥ ይበላል፤ ከውጭ የሚያብረቀርቀውን ቀለም የሚያይ ሰው ይህን አያውቅም።

ነገር ግን ፈጽሞ መነዳት የሌለባቸው ብስክሌቶች እንዳሉም አምናለሁ። በሰሜን ጣሊያን፣ ከኮሞ ሐይቅ በላይ በሚገኘው ተራራ፣ የጊዛሎ እመቤታችን የምትባል ትንሽ ቤተ ጸሎት አለች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1949 የብስክሌተኞች ጠባቂ ብለው የሰየሟት እሷን ነው። በውስጧ ግድግዳው በብስክሌት የተሞላ ነው፤ ፋውስቶ ኮፒና ጂኖ ባርታሊ የጋለቡባቸው ሳይቀሩ እዚያ ተሰቅለዋል። ከነሱ መካከል አንዱ የተጣመመ ነው። በ1992 ባርሴሎና ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው የዚያው አካባቢ ልጅ ፋቢዮ ካዛርቴሊ፣ ጁላይ 18 ቀን 1995 በቱር ደ ፍራንስ ቁልቁለት ላይ ወድቆ በ24 ዓመቱ ሲሞት የነዳው ብስክሌት ነው። አላቃኑትም፤ አልቀቡትም። እንዲህ ያለው ብስክሌት ምስክር ነው። ምስክርን ደግሞ አስጊጠው ወደ መንገድ አይመልሱትም።

የጊዛሎ ነገር የኛንም ነገር አስታወሰኝ። በኛ አገር የብራና መጽሐፍ ስምንት መቶ ዓመት ቢሞላውም ይነበብበታል፤ መስቀሉ ይባረክበታል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ይቀደስባቸዋል። አንዳንድ የውጭ ባለሙያ ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ነገር ግን ከላሊበላ አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በ1997 ሲሰረቅ ሕዝቡን ያስለቀሰው ስንት ያወጣል የሚለው አልነበረም። ሰው ሲሳለመውና ሲባረክበት የኖረ መስቀል ስለሆነ ነው። ዋጋ የሚያወጣለት ሰው የተገኘው ባሕር ማዶ ነው። መስቀሉ ቤልጂየም ተገኝቶ በ2001 ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ዛሬም ያገለግላል። ብስክሌትን ከመስቀል ጋር አወዳደርክ ብሎ የሚቆጣኝ አንባቢ እንዳይኖር አደራ። ለማለት የፈለግሁት አንድ ዕቃ እየሠራም ሊከበር እንደሚችል ከማንም በፊት እናውቅ ነበር ነው።

ጣሊያኖች ይህን ዘግይተውም ቢሆን በብስክሌት ደረሱበት። በቶስካና ግዛት፣ ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ በምትባል የወይን አገር፣ ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለ ሰው በ1997 "ሌሮይካ" የተባለ ጉዞ ጀመረ። ትርጉሙ "ጀግናዊቷ" እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ በመጀመሪያ ስለ ብስክሌት እንኳ ብቻ አልነበረም፤ በአስፋልት ሊዋጡ የነበሩትን የአካባቢውን ነጫጭ የጠጠር መንገዶች ለማዳን ነበር። ሕጉ ቀላል ነው። የእሽቅድምድም ብስክሌቱ ከ1987 በፊት የተሠራ መሆን አለበት፤ የማርሽ መቀየሪያው ከታች ባለው ቱቦ ላይ መሆን አለበት፤ የፍሬኑ ሽቦ ከመሪው ውጭ መታየት አለበት፤ እግር የሚታሰረው በጠፍርና በማቀፊያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተገኙት መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። በኋላ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሱፍ ማሊያቸውን ለብሰው ከየአገሩ የሚጎርፉበት ሆነ፤ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ጃፓን ድረስም ተዛመተ። ከ2007 ጀምሮ በነዚያው ነጫጭ መንገዶች ላይ የዘመኑ ጋላቢዎች የሚወዳደሩበት ትልቅ ውድድርም ተወለደ።

መንገዶቹን ያዳናቸው በላያቸው መሄድ ነው። ብስክሌቶቹንም እንዲሁ። ጋዮሌ ለመሄድ የፈለገ ሁሉ የአባቱን ብስክሌት ከምድር ቤት አወጣ፤ የሌለው ፈልጎ ገዛ፤ የተረሱ ዕቃዎች ተፈላጊ ሆኑ፤ የብረት ብስክሌት የሚጠግኑ ሽማግሌዎች እንደገና ሥራ አገኙ። እዚህ ላይ ሰብሳቢዎቹ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ብስክሌት ዋጋ ከፍ ያለው እነሱ ስለሰቀሉት ሳይሆን ሌላው ሰው አቧራ እየበላ ስለነዳው ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር ግን ሌላ ብስክሌት ያለው ሰው ክርክር ነው። ከቶስካና ወደ አስመራ ስንመጣ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። ጣሊያኖች ብስክሌትን ወደ ኤርትራ ሲያመጡ ውድድሩን ለራሳቸው ብቻ አድርገውት ነበር። በ1939 ኤርትራውያን ከጣሊያኖች ጋር እንዲሰለፉ ሲፈቀድ ገብረማርያም ገብሩ የሚባል ኤርትራዊ አሸንፎ የቅኝ ገዢዎቹን ኩራት እንደ ሰበረ ይነገራል። የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር በ1946 ተካሄደ። ኢትዮጵያም በ1956 ሜልቦርን ላይ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታይ ይዛ የቀረበችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር። በ2024 ደግሞ የአስመራው ልጅ ቢኒያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ለበሰ። ይህ ታሪክ ቤተ መዘክር ውስጥ አላደገም። ያደገው አዛውንቱ ወደ ገበያ፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት በሚነዳው አሮጌ ብስክሌት ላይ ነው። እዚያ ብስክሌቱ የሚነዳው የክርክሩን ወገን መርጠው አይደለም፤ መሄጃ ስለሆነ ነው። የሚጠበቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአዲስ አበባም ቢሆን በቅርቡ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቻለሁ። በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ አዛውንት፣ ጋሼ ብለን የምንጠራቸው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሳሉ የገዙት ጥቁር የእንግሊዝ ራሌይ አላቸው። ለዓመታት ዕቃ ቤት ውስጥ ቆሞ ኖሯል። ባለፈው ዓመት አንድ ካፌ የሚከፍት ወጣት መጥቶ፣ ግድግዳ ላይ ልስቀለው፣ ይሽጡልኝ አላቸው። ያቀረበውም ገንዘብ ለጡረተኛ ትንሽ አይደለም። ጋሼ እኔን ጠሩኝ።

"አንተ የምታነብ ልጅ ነህ" አሉኝ፤ "ይህ ዕቃ ከዚህ በላይ ያወጣል? ሰውየው እያሞኘኝ እንዳይሆን።"

የኋላውን ጎማ እምብርት በጨርቅ ጠረግሁት። ስተርሚ አርቸር የተባለው ባለ ሦስት ማርሽ እምብርት ወርና ዓመቱ በላዩ ላይ ይታተማል። ከደረቀው ቅባት ሥር "58" የሚል ወጣ። በ1958 የተሠራ ነው ማለት ነው። ጋሼ ከኔ ይልቅ ተደሰቱ፤ ያገለገለ ሆኖ ስለገዙት ዕድሜውን አያውቁም ነበር። ስለ ዋጋው ግን እውነቱን ነገርኳቸው። የራሌይ ፋብሪካ ኖቲንግሃም ላይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብስክሌት ያመርት ነበር። እዚያ መሥራት ካቆመ ከ2002 ወዲህ ቢሆንም፣ ሥራው በየአገሩ ተበትኖ አለ። ሰብሳቢ ነኝ የሚል እንግሊዛዊ ለዚህ ብሎ አውሮፕላን አይሳፈርም። ካፌው የሰጠው ዋጋ ከገበያው በላይ ነበር።

"እንግዲያው ልሽጠው?" አሉኝ።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ብስክሌቱን አብረን ለአንድ አሮጌ ሠራተኛ ወሰድነው። ቱቦው አልዛገም። የፔዳሉን ክንዶች የሚያስሩት ሽብልቆች ተበልተዋል፤ እነሱ ይቀየራሉ። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ የዚያ ዓይነት ባለ 28 ጎማ ግን ሕንድ አገር ዛሬም ይመረታልና አይጠፋም። ሦስቱ ማርሾች ዘይት ሲያገኙ አንድ በአንድ ተነሡ። ኮርቻው ብቻ አልተረፈም። ሠራተኛው የጠየቀው ሒሳብ ባለካፌው ከሚከፍለው ከሩብ በታች ሆነ።

እኔ ይጠገን አልኳቸው። ባለቤታቸው ደግሞ ይሸጥ አሉ፤ የቤቱ ጣሪያ ያፈስ ነበርና የሳቸውም ነገር መልስ የሚገኝለት አልነበረም። ጋሼ ሁለታችንንም ሰምተው መጀመሪያ ጎማዎቹን አስቀየሩ። አሁን እሑድ ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ እስከ እድሩ ቤት ድረስ ይነዱታል። ባለካፌው ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቷል። እስካሁን አልሸጡለትም፤ አልሸጥልህምም አላሉትም።